በጎማ ያሰርኩት ክንድ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ በዚህ ቀኝ እጄ ላይ ያደረገውን ሳልናገር ቁጭ ብል ዕረፍት የለኝም። ትንሽ ታገሡኝ።

መቱ ውስጥ ወጣት ሳለን ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ጂም ነበረን። ጂም ስላችሁ እንዳትስቁ፤ በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን ከቧንቧ ብረት ጋር ያያዝነው ነው። ዝናብ ሲመጣ መሰንጠቂያው ጣሪያ ሥር ተጠግተን እንቀላለዳለን። አቤት ያ ጊዜ! የዚያ እርጥብ ጣውላ ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ጓደኛዬ ፈይሳ ጅማ ለትምህርት ሄዶ ሲመለስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። "ክንድህን ከላይ ጠበቅ አድርገህ ካሰርክ የገባው ደም ቶሎ አይወጣም። ቀላል ክብደት ብታነሳም ጡንቻው ከባድ ያነሳ ይመስለዋል" አለኝ። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠን አሰርን። እውነትም ክንድ ይቃጠላል፣ ደም ሥር ይገተራል፣ ጡንቻ ይነፋል! ግን ወገኖቼ፣ ሰዓት ሳይሞላ ይሟሽሻል። ስለዚህ ሳይሟሽሽ ሰው እንዲያየን ወደ ገበያው መንገድ እንሮጥ ነበር። ሕይወቴ ይኼው ነበር። እናቴ እሑድ እሑድ "ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሂድ" ስትለኝ፣ "እማዬ፣ ልምምድ አለኝ" እላታለሁ።

አንድ እሑድ ፈይሳ "በዛ፣ ፍታው!" እያለኝ ጎማውን ደግሜ አጠበቅኩት። ሲደነዝዘኝ ጉብዝና መሰለኝ። ፈይሳ ደንግጦ ጎማውን በምላጭ ሲቆርጠው እጄ ጠቁሮ፣ ቀዝቅዞ ነበር። ደሙ ተመለሰ፤ እጄ ግን ከአንጓው ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣቶቼን ቀና ማድረግ አቃተኝ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሙ መርምሮኝ ተቆጣ። "ይኼ ባለሙያ ለክቶ የሚያስረው ነገር ነው። አንተ ነርቩን ጎድተኸዋል። ሊመለስ ይችላል፤ መቼ እንደሆነ ግን ቀን አልቆርጥልህም" አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ የሸሚዜን ቁልፍ እንደ ሕፃን ቆለፈችልኝ። ያን ቀን እምቢ አላልኳትም። ከስብከቱ በኋላ ጋሼ ተሊላ የሚባሉ ሽማግሌ ያችን የተንጠለጠለች እጅ በሁለት እጃቸው ያዟትና፣ "ልጄ፣ ብትድንም ባትድንም ጌታ ይወድሃል" አሉኝ። እስከዚያ ቀን ሰው እንዲያይልኝ የምፈልገው ክንዴን ነበር። እኔን ራሴን የሚያየኝ እንዳለ ያኔ ገባኝ። አለቀስኩ፤ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ!

እጄ ግን ያን ቀን አልዳነም፤ አልዋሻችሁም። ሳምንታት አለፉ። ቡና ሲደርስ ከእናቴ ጋር ዳሪሙ ወረዳ ያለችው አክስቴ ዘንድ ለለቀማ ሄድን። እኔ በግራ እጄ እለቅማለሁ፤ እናቴ ከዛፉ ወዲያ በኦሮምኛ ትዘምራለች። ቅርንጫፍ ልጎትት ስል ቀኙ ሳላስበው ቀና አለ! "እማዬ!" ብዬ ጮህኩ። ቅርጫቷን ጥላ መጣች። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካካች "ገለትኒ ዋቃፍ ሃ ተኡ! ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን!" አለች። ቡናው እግራችን ሥር ተበትኖ፣ እኛ እየሳቅን እናለቅሳለን።

ሐኪሙ "ነርቩ ራሱን ጠግኖ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ራሱን እንዲጠግን አድርጎ የሠራው ግን ማነው? ክብር ለስሙ ይሁን!

ዛሬ እናቴ ጌታ ዘንድ ናት። ያ ጂማችን የነበረበት ግቢም ሕንፃ ተሠርቶበታል። እኔ ግን በጌታ ምሕረት ይኸው ቆሜያለሁ። እናቱ ለምናው፣ ደስ ሳይለው እዚህ የመጣ ወጣት ካለ፣ ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ጌታን እመነው። ና፣ አጠገብህ ቆሜ አብሬህ እጸልያለሁ።