ኦቦ ገርባን ቁጭ አታድርጓቸው

ሱሉልታ ውስጥ ሰው ሲያከብራቸው የሚደነግጡ ሽማግሌ ቢፈለጉ ኦቦ ገርባ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቦ ገርባ የሚበሉት የሴፍቲኔት ስንዴ ነው። ስንዴው ደግሞ የሚሰጠው ለሚሠራ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከቡድን ጋር ወጥቶ የመንገድ ዳር ቦይ ለሚጠርግ፣ ድንጋይ ለሚለቅም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው “አቅመ ደካማ” ይባልና ሳይሠራ ይረዳል። ሲሰሙት ደግ ሕግ ነው። ጎረቤታቸው ኦቦ ቦጂያም ደግ ነው ብለው ከሥራው ወጡ፤ ስማቸው ወደ አቅመ ደካሞቹ ተዛወረ ተባሉ። ይኸው ከፋሲካ ወዲህ መስቀልም አለፈ፤ ስማቸው ሲዛወር የት መንገድ ላይ እንደቀረ እንጃ፣ ስንዴ የሚባል አላዩም። አሁን በምሳ ሰዓት ሰው ቤት ብቅ ማለት ለምደዋል። ያ ኩሩ ሰው!

ኦቦ ገርባ ይህን አይተው ላለማርጀት ወሰኑ። መታወቂያቸው ላይ ያለው ዕድሜ በግምት የተጻፈ ስለሆነ ስልሳ አልሞላም። የሚያጋልጣቸው ፊታቸውና ሽበታቸው ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ ጭንቅላታቸውንም ጢማቸውንም በምላጭ ሙልጭ ያደርጋሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች “ምን ነካህ?” ሲሏቸው “ሙቀቱ ነው” ይላሉ። የሱሉልታ ሙቀት! በማለዳ የሚሮጡት አትሌቶች እንኳ ጓንት አጥልቀው ነው የሚያልፉት።

ወይዘሮ ተረፈች አይከራከሩም። ስኳር በሽታ እግራቸውን ይዞ አልጋ ላይ ካዋላቸው ቆይቷል። መርፌውን ተወግተው የሚቀምሱት ካጡ ራሳቸውን ይስታሉ፤ አንድ ጊዜ ደርሶባቸው ኦቦ ገርባ ሚስታቸው የሞቱ መስሏቸው ጮኸው ጎረቤት ሰብስበዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የስንዴው ጆንያ በጎደለ ቁጥር ኦቦ ገርባ እንቅልፍ ያጣሉ። ድሮማ ገብስ የሚዘሩበት የራሳቸው መሬት ነበራቸው፤ አሁን መጋዘን ቆሞበታል። ካሳውን ልጆቻቸው ተካፍለው ተበተኑ። ስለዚህ ጉዳይ ኦቦ ገርባ ማውራት አይወዱም፣ እኛም አንነካካውም።

ችግሩ የቡድኑ ልጆች ናቸው። አስተዳደጋቸው ጥሩ ነው፤ ጥፋታቸውም ይኸው ነው። ሽማግሌ ሲቆፍር እያዩ እጃቸውን አጣጥፈው መቆም አይሆንላቸውም።

“ታኣ፣ ታኣ ኦቦ ገርባ! ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ እኔ አለሁ አይደል?” ይላል የቡድኑ መሪ ሌንጮ፣ አካፋውን ከእጃቸው እየወሰደ።

“አምጣው አንተ! ደከመኝ አልኩህ?”

“ኧረ አባባ፣ እኔ ቆሜ አንቱ ሲቆፍሩ እናቴ ብታይ ትገድለኛለች።”

እውነቱን መናገር ደግሞ ያሳፍራል። ያከበረህን ልጅ “አታክብረኝ፣ እራባለሁ” ይባላል? ስለዚህ ሌንጮ ዞር እስኪል ይጠብቁና አካፋውን ሰርቀው ይቆፍራሉ። የገዛ ሥራውን የሚሰርቅ ሰው ከሳቸው በቀር አላየሁም።

ሰኞ ዕለት ወሬ መጣ። ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደማይሠራ የምታይ ተቆጣጣሪ በማግስቱ ከላይ ትመጣለች ተባለ። ኦቦ ገርባ የዚያን ቀን እህል አልቀመሱም። ማክሰኞ ማለዳ ምላጩን በላይ በላዩ ሲያመላልሱ አገጫቸውን ቆረጡት። ከሁሉም ቀድመው ደረሱና ሌንጮን ገለል አድርገው “ዛሬን ብቻ ተወኝ፣ ልሥራ፤ አደራህን” አሉት። ልጁ ግራ ቢገባውም እሺ አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ።

ተቆጣጣሪዋ ፀዲ የምትባል ወጣት ናት። ከመኪናው ወርዳ ቦዩ አፋፍ ላይ ስትቆም ኦቦ ገርባ ጭቃውን እንደ ጎረምሳ መወርወር ጀመሩ። ልባቸው ጆሯቸው ውስጥ ይመታል፤ ከድካሙ ይሁን ከፍርሃቱ አልለዩትም።

“አካም ቡልተን፣ አባቴ?” አለች በተማረችው ኦሮምኛ፣ እንዴት አደሩ ለማለት።

“ጠንካራ ነኝ ልጄ፤ በጣም ጠንካራ ነኝ” አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ልጅቷ ቦዩ ውስጥ ዘላ ገባች። አካፋውን ተቀብላቸው፣ ነጠቀቻቸው ቢባል ይሻላል፣ የሥራ ልብሷ ጭቃ በጭቃ እየሆነ ራሷ ትዝቅ ጀመር። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

“የራሴን አባት ያየሁ መሰለኝ” አለች። “በእርስዎ ዕድሜ ቦይ ውስጥ! ከነገ ጀምሮ ቤትዎ ያርፋሉ። ስምዎን እኔው ራሴ አዛውረዋለሁ።”

ለኦቦ ገርባ ተረፈች መርፌዋን ተወግታ ባዶውን ሞሰብ ስታይ ታየቻቸው። “ተዪኝ ልጄ፣ ሚስቴን ትገድያታለሽ” ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

ልጆቹ ግን እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ሊመርቁ መሰላቸው። ሽማግሌ ሥራውን የተቀበለውን ልጅ ሳይመርቅ መች ያልፋል? ሌንጮ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሌሎቹም እጃቸውን ዘርግተው ተጠጉ። ፀዲ ጭቃ የነካ መዳፏን ዘርግታ አንገቷን ደፋች። ይህን ሁሉ የተዘረጋ እጅ እንዴት ይመልሱት?

“ሆሪ ቡሊ” አሉ ኦቦ ገርባ። ቃሉ በለመደበት መንገድ በራሱ ጊዜ ወጣ። “እደጊ፣ ተመንደጊ። ያሰብሽውን ሁሉ እሱ ይፈጽምልሽ።”

“አሜን!” አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።