ጨፋ ላይ የታረደችው ላም

አባቴ ካራውን ይዞ ከላሟ አንገት በኩል፣ ሹፌሩ ጭቃው ውስጥ፣ እናቴ ከተከራየነው መኪና በር አጠገብ፣ እኔ ከእናቴ ኋላ ቆመናል። ዛሬ ከሚሴ ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነጂ የዝናብ መጥረጊያው እምቢ ቢለው መስተዋቱን በእጁ ሲጠርግ አየሁና ያ የልጅነቴ ቀን ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜም በዝናብ ወደ ጨፋ ሮቢት ስንሄድ የመኪናው መጥረጊያ ተነቅሎ ወደቀ። ሹፌሩ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ መስተዋቱን እየጠረገ ሲነዳ ላሟን ገጫት። ተዘርራ ስትንፈራገጥ የምታጣጥር መሰለን። አባቴ ካራውን ይዞ ዘሎ ወረደና፣ «በክት ሳትሆን ለባለቤቷ ስጋዋን እናትርፍለት» አለ። ወዲያው «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ አረዳት። ደሟ ከጎርፉ ጋር ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ከመንገዱ ዳር ካለው ማሽላ መሃል አንድ ጎረምሳ ሽመል ይዞ ወጣ። «ዓይንህን የት ጥለህ ነው የምትነዳ!» እያለ ሹፌሩን ትከሻውን መታው። በሁለተኛው ምት ግንባሩን ፈነከተው። ሦስተኛውን ሲሰነዝር አሮጊት እናቱ ደረሱ።

«ዲሲ! ተወው ብየሃለሁ!» ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮሁ ሽመሉን ነጠቁት።

አባቴ፣ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እናቴ፤ ስጋው እንዳይበክት ብዬ ነው የቸኮልኩ» አላቸው።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የላሟን እግሮችና ጎኗን ዳበሱ።

«አንድም አጥንት አልተሰበረባት። ደንግጣ ነው የወደቀች፤ ትነሣ ነበር። የልጅ ልጆቼ በሷ ወተት ነበር የሚያድሩት።» ቀና ብለው አባቴን አዩት። «ሹፌሩስ ጣላት። የገደልካት አንተ ነህ።»

ትነሣ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። አሮጊቷ ገመዱን ከቀንዷ ፈቱና ጠቅልለው ይዘው በዝናቡ ውስጥ ሄዱ።