የድሮዋ መርከብና አዲሲቷ

ሲወስዱኝ ጫማዬን እንዳስር ጊዜ ሰጡኝ። እዚያ ስንደርስ ማሰሪያውን ፈትተው ወሰዱት። ለምን ቤቴ ሳለሁ እንዳልነገሩኝ እስካሁን አይገባኝም፤ ደጃፌ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ባለቤቴ እያየችኝ፣ አጥብቄ የቋጠርሁት ማሰሪያ ነበር። ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። ዛሬ ሳስበው እንኳን ለእስር ለማስጠንቀቂያም የሚበቃ አልነበረም።

ያሰሩን ባሕር ዳር ዳርቻ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የጆንያ፣ የነቀዘ በቆሎ፣ የብዙ ሰው ላብ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትለው የተዘረጉ እግሮች አየሁ። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ሽቦ የተወጠረበት አንድ መስኮት አለ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው እንደ ልቡ ይተነፍሳል፤ ሌላው በሩቁ ይመኛል።

የአዳራሹ አለቃ፣ በእስረኛ አነጋገር ካቦው፣ ከደልጊ በኩል የመጡ ጀልባ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። ሥርዓታቸው ቀላል ነው። ከየቤቱ የመጣው ምሳ ገብቶ ከተበላ በኋላ አንድ ሰው ከመስኮቱ ሥር ይቀመጥና ፊልም ይተርካል። ይህን ‹ሲኒማ› እንለው ነበር። ተራኪው ከጽዳት ነጻ ነው። ለካቦው ከቤታቸው ከሚመጣው የተጠበሰ ዓሣም ወፍራሙ ጎን የእሱ ነው። ሲኒማ በሌለበት ቀን ሰዎች በማይረባ ነገር ይጣላሉ፤ ስለዚህ ሽማግሌው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር።

እኔ በገባሁ ሰሞን ሲኒማው ሰልችቶ ነበር። አንድ ነጋዴ ተመሳሳይ የካራቴ ፊልም ስሙን እየቀያየረ ይተርካል። ካቦው መምህር መሆኔን ሲሰሙ፣ «መምህር ወሬ አያጣም፤ ና እስቲ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥሁና የመርከቧን ፊልም ጀመርሁ።

ይህን ፊልም ያየሁት በልጅነቴ፣ ከገበያው ጀርባ በነበረ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ክፍል ያለው ተከታታይ ነው። ከልዩ ልዩ ዓለማት የመጡ፣ መልካቸው የማይገናኝ ሰዎች በአንዲት የጠፈር መርከብ ተሳፍረው በከዋክብት መካከል ይዞራሉ። በዚያ ዘመን በምድር ላይ ረሃብም ጦርነትም ቀርቷል። ካፒቴኑ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰውዬ ነው። ጠላት ሲመጣበት ከሁሉ አስቀድሞ የመርከቧን መብራት በሙሉ ያስበራል፤ ማን እንደሆንን ይዩ፣ ይላል። ከዚያ ይነጋገራል። መርከቧ ከኮምፔንሳቶ የተሠራች መሆኗ ያስታውቃል፤ ሰው ሲደገፋት ትነቃነቃለች። ለእኔ ግን ከዚያ የተሻለ ነገር እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ይህን የማይቀበል ሰው ካለ እንከራከራለን።

አዳራሹ ወደደው። ካቦው በተለይ ጥያቄ ያበዙ ነበር።

«ውኃ ስታስገባ ማን ይቀዳላታል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ጠፈር ላይ ውኃ የለም፣ አባቴ።»

«ውኃ ከሌለማ ምኑን መርከብ ሆነችው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወፍራሙን የዓሣ ጎን እየበላሁ፣ የጣና ነፋስ አናቴን እየነካኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ሰው የምቆጠረው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት መርማሪዎቹ «አንተ» እያሉ ያንጓጥጡኛል። ከምሳ በኋላ ግን መምህር ነበርሁ።

ከዚያ ባንከኛው መጣ።

ዕድሜው የእኔን ግማሽ ቢሆን ነው። ከሥራ ሲወጣ ስለያዙት ነጭ ሸሚዙን እንደ ለበሰ ገባ። ሲኒማዬን እስከ መጨረሻው በጽሞና አዳመጠና፣ ስጨርስ በትሕትና ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የድሮውን ነው እንዴ የሚተርኩት? አዲሱ እኮ ወጥቷል።»

መውጣቱን አውቃለሁ። አንድ ክፍል ጀምሬ አጥፍቸዋለሁ። «አዲሱ ፊልም አይደለም፤ ጨለማ ነው» አልሁት። «የሰዎቹ ፊት እንኳ አይታይም።»

«ፊታቸው ባይታይ ሐዘናቸው ይታያል። የእርስዎዎቹ ችግራቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ የማን ችግር ነው በሰዓት የሚያልቅ?»

«ኧረ ተው!» አለ አንዱ ከወዲያ በኩል። ሳቅ ሆነ። ያ ሳቅ የእኔ አልነበረም።

በማግስቱ ካቦው ተራውን ለባንከኛው ሰጡት። ልጁ ይችላል። በር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ በጥርሱ ያወጣዋል። በአዲሲቷ መርከብ ላይ ካፒቴኗ ሴት ናት፤ አገሯን ጠላት አቃጥሎባታል፣ ወንድሟን ገድሎባታል፣ እንቅልፍ የላትም። ልጁ ይህን ሲተርክ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ሰው አንገቱን አስግጎ ይጠጋዋል። ከጎኔ የሚተኛው የሆቴል አስተናጋጅ፣ እስከ ትናንት የድሮዋ መርከብ ደጋፊ የነበረው፣ ጆንያውን ጠቅልሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። «ከዚህ አይሰማኝም» አለኝ። ከመኝታችንም በደንብ እንደሚሰማ እኔም እሱም እናውቃለን።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። የምቀናው በዓሣው ነው፣ በነፋሱ ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰው በሚያስግገው አንገት ነው። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ እንደ ኳስ ደጋፊ ‹የድሮዎች› እና ‹የአዲሶች› ተባባልን፤ የእኔ ወገን በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። እኔ መተረክ ስከለከል ፊቴን ሸፍኜ የተኛሁ እመስላለሁ፤ ግን አንድም ቃል አያመልጠኝም። አንድ ቀን ባንከኛው ሲያወዳድር የድሮው ካፒቴን በአንደኛው ክፍል ላይ ሸሽቷል አለ። ከተሸፈንሁበት ብድግ ብዬ፣ «አልሸሸም! መርከቧን ያዞራት ቁስለኞች ሊጭን ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ተኝቷል ያሉት ሰው ስለተነሣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባንከኛውም ሳቀና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይቅርታው ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እንዲፈታም ጸለይሁለት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ባልንጀራው እንዲፈታ በቅናት የጸለየ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ልጁ ትረካውን እጅግ ክፉ ቦታ ላይ አቆመው። አገሯን ያቃጠለው የጠላት መርከብ ተሰብሮ፣ መከላከያው ጠፍቶ፣ በካፒቴኗ ፊት ቆሟል። እጇ ቁልፉ ላይ ነው። ባልደረቦቿ ዝም ብለው ያይዋታል። «የቀረው ነገ» አለና ተነሣ። ሰው ሁሉ ጮኸበት። ካቦው ራሳቸው፣ «ወላሂ ይህስ ግፍ ነው፣ ጨርስልን እንጅ!» አሉት። እሱ እየሳቀ ውኃ ሊጠጣ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዎቹ ጠሩት።

ሲመለስ ምሳ ሊገባ ነበር። በእግሩ ነው የገባው። ነጭ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶታል፤ ራሱ የለበሰው አልመሰለኝም። ወደ መስኮቱ አልሄደም። በሩ አጠገብ፣ የሽንት ባልዲው በሚቀመጥበት ጥግ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። አስተናጋጁ ውኃ ወሰደለት፤ አልተቀበለውም። እንጀራ ወሰዱለት፤ አላየውም። ካቦው ሄደው አጠገቡ ቁጢጥ አሉና ቀስ ብለው አነጋገሩት። አልመለሰላቸውም። ከእስረኞቹ ቆየት ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ሆኖ የተመለሰና ከዚያ በኋላ ቃል ያልወጣው ሰው እነሱ ያውቃሉ፤ እህልም እየተወ እየተወ መጨረሻ ላይ በሸክም ነው የወጣው።

«ልጁን ለዛሬ ተውት» አሉ ካቦው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ የድሮዋን መርከብ አምጣት።»

ደስ አለኝ። ሰውነቴ ነው ከእኔ ቀድሞ ደስ ያለው፤ እግሬ ወደ መስኮቱ ሲሄድ ይታወቀኛል። ተቀመጥሁ። ነፋሱ ነካኝ። አንገቶች ወደ እኔ ሰገጉ። በእነዚያ ሁሉ አንገቶች መካከል፣ በበሩ በኩል፣ አንድ ጀርባ አየሁ። የተገለበጠው ሸሚዝ ስፌት በጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

አፌን ስከፍት ያሰብሁት የድሮዋን ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ትናንት የት ላይ ነው የቆመው?» አልሁ።

አስተናጋጁ ግራ ገባው። «የአዲሷ? እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ...»

«አዎ። ልጨርስላችሁ። ተጫነችው።»

እኔ ቀጠልሁ። የቀጠልሁት ሆን ብዬ በተቻለኝ መጠን አበላሽቼ ነው። ካፒቴኗ ተኮሰች፣ ሳቀችም አልሁ። የጠላት መርከብ እንደ ክብሪት ሳጥን ነደደ፤ በውስጡ የነበሩት ሁሉ አለቁ፤ ባልደረቦቿ አጨበጨቡ። የመርከቧን ወገን እወዳለሁ የሚል ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም፤ ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። እየተረክሁ የማየው ያን ጀርባ ብቻ ነበር። ካቦው ትክ ብለው አዩኝ፤ ዓሣውን እንደያዙ ቀሩ።

«አልተኮሰችም።»

ከግድግዳው በኩል ነው የመጣው። ድምፁ የልጁ አይመስልም፤ ደርቋል።

«ተኩሳለች» አልሁ። «የእናንተ ዘመን ሰዎች ከመተኮስ ሌላ ምን ያውቃሉ?»

«አልተኮሰችም፣ ጋሼ። እርስዎ አላዩትም።»

«እንዴት አላየሁም! ከነጭሱ ነው ያየሁት።»

ዞረ። ከንፈሩ አብጧል። ዓይኑ ግን እኔን ነበር የሚያየው፤ ከተመለሰ ወዲህ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «አልተኮሰችም! ደጋግሜ አይቸዋለሁ እኮ! ለምን ያበላሹታል?»

«እሽ፤ ምን አደረገች ታዲያ?»

ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። አስተናጋጁ ሊይዘው ሲል በእጁ ከለከለው። እየቆመ፣ እየሄደ፣ በተዘረጉት እግሮች መካከል አልፎ መጣ። ካቦው እኔን አላዩኝም፤ ማንም እንድነሣ አልጠየቀኝም። ተነሣሁና ቦታውን ለቀቅሁለት። ጆንያዬንም ጀርባው ግድግዳውን እንዳይነካው አድርጌ አነጠፍሁለት።

በዝግታ፣ እያረፈ ተረከው። ካፒቴኗ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች አለ። ሬድዮውን ከፈተችና ጠላቶቿን በሕይወት የተረፋችሁ ስንት ናችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ወደ መርከቧ አስገባቻቸው። ቁስለኞቹ ታከሙ፣ የተራቡት በሉ። ያ አገሯን ያቃጠለው አዛዥ እጁ ታስሮ ፊቷ ሲቆም እጁን አስፈታችለትና ወንበር አስመጣችለት። ስሙን ጠየቀችው። ሲነግራት ስሙን በአግባቡ ጠራችው፤ ያን ዕለት ሌላ ነገር አላለችውም። እዚህ ላይ አቆመ።

በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም። ካቦው ወፍራሙን የዓሣ ጎን አጥንቱን ለቅመው በእጃቸው አጎረሱት፤ በላ። ዓሣው በፊቴ ሲያልፍ ሽታው መጣብኝ። ልጁ በመብላቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቅናቱም እዚያው ነበር። አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጁን ከነዕቃው ጠሩትና ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። ተፈትቶ በሌላ ከተማ እንደሚሠራ ሰው ነግሮኛል።

እኔም ወጣሁ፤ ወደ ማስተማሬም ተመለስሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ፊልም የሚጭን ሱቅ ገብቼ አዲሱን ተከታታይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፍላሽ አስጫንሁ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ክፍል አያለሁ። ባለቤቴ፣ «ይህን ጨለማ ነገር ምን ብለህ ነው የምታየው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ጨለማ ነው። ከተጠበቀው በላይ ግን ጥሩ ነው፤ ይህን ለድሮዎቹ ደጋፊዎች አትንገሩብኝ።

እያየሁ እያየሁ ያ ክፍል ላይ ደረስሁ። የጠላት መርከብ ተሰብሮ ቆሟል። የካፒቴኗ እጅ ቁልፉ ላይ ነው። ባልደረቦቿ ዝም ብለው ያይዋታል። ልጁ እስከዚህ ድረስ አንዲት ነገር አላዛነፈም።

ተኮሰች።

ወደኋላ መልሼ አየሁት። ተኮሰች። ሬድዮ የለም፣ ወንበር የለም፣ ስም የጠየቀ የለም። መርከቡ ይነድዳል፣ እሷ ዓይኗን ሳትሰብር ታያለች፣ ክፍሉ ያልቃል። ቀጣዩንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም ልጁ የተረከው ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ደጋግሜ አይቸዋለሁ ያለው ውሸት አይመስለኝም፤ በትክክል ያውቀው ነበር። በዚያ ቀን ከምርመራው ክፍል ወጥቶ፣ የገለበጡለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ባልዲው አጠገብ ተቀምጦ፣ እኔ ሳላውቅ እውነቱን ስናገር ሰማኝ። እውነቱን እንቢ አለ። የድሮውን ካፒቴን ዕድሜ ልኬን የወደድሁት እኔ ነኝ፤ መብራቱን አብሩ የሚለውን እኔ ነበርሁ ለሰው ሁሉ የምተርከው።

ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ብዙ ተቀመጥሁ። እንደገና ቀናሁ፤ ይህኛው የሚወጣልኝም አይመስለኝም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን፣ በዚያ ቀን፣ እንድትተኩስ እተዋት ነበር።