የአኳራጅ ሽታ ሲጠፋ

በልብስ ፋብሪካው ውስጥ እሷን በስሟ የሚያውቃት የመግቢያ መዝገቡ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «እትዬ ራጅ» ነው የሚላት። ሥራዋ ጥራት መቆጣጠር ነው። ተሰፍቶ ያለቀ ሸሚዝ ፊቷ ይከመራል፤ እሷ እያንዳንዱን እየገለበጠች የዘለለ ስፌት፣ የተጣመመ ኪስ፣ ሳይቆረጥ የቀረ ክር ትፈልጋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንከን ስትፈልግ የኖረች ሴት ደግሞ ቤቷ ስትገባ ዓይኗን አውልቃ በር ላይ አትሰቅለውም። ጎረቤቷ ሳትጠየቅ «ደህና ነኝ» ካለቻት፣ «ምን ሆና ነው ደህና የሆነችው?» ብላ ስታብሰለስል የምትውል ሴት ናት።

ባሏ ሠዓሊ ነው። የሚስለው በእውን የማይታይ ነገር ነው፤ ከዓሣ አፍ የሚወጣ ደረጃ፣ ሰው ሳይለብሰው ብቻውን የሚሄድ ካፖርት፣ ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ባሕር። «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉት «እኔም ገና እየጠየቅሁት ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት በዘይት ቀለም ሠርቷል። ስለዚህም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸሚዙ፣ ፀጉሩ፣ ትራሱ ሳይቀር የተልባ ዘይትና ቀለም የሚያቀጥኑበት አኳራጅ ይሸት ነበር። እሷን ሽታው ራሷን ይፈልጣት ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ቀን ምርር ቢላት፣ «ለምን በዚያ በውሃ በሚበጠበጠው፣ በአክሪሊኩ አትሠራም?» አለችው።

«እኔ ግድግዳ ቀቢ ነኝ? በፕላስቲክ ሕልም አይሳልም!» ብሎ ጮኸ። ሳምንት ተኮራርፈው ሰነበቱ። በመጨረሻ እሱ ማቆሚያውንና ሸራውን ተሸክሞ ከቤቱ ሦስት መንገድ ርቆ፣ ከማተሚያ ቤት በላይ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የአክሪሊክ ነገር በመካከላቸው አልተነሳም። ሽታው ግን ማታ ማታ ከእሱ ጋር ቤት መግባቱን አልተወም።

ነገሩ የጀመረው በቀኝ እጁ ላይ ፋሻ ጠምጥሞ የመጣ ቀን ነው።

«ምን ሆንክ?»

«ሻይ ፈሰሰብኝ።»

ፋሻውን ስትቀይርለት አየችው። የፈሰሰ ሻይ ወርዶ ወርዶ ነው የሚያቃጥለው፤ ይሄ ግን መዳፉን ብቻ ነው የያዘው። አንድ ነገር ጨብጦ የተቃጠለ ይመስላል። በልቧ መዘገበችው።

ከዚያ በኋላ ሽታው ጠፋ። በመጀመሪያ የእሷ አፍንጫ የታፈነ መስሏት ነበር። ሸሚዙን አንስታ አሸተተችው፤ ሳሙና ብቻ ይሸታል። ባሏ ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል፣ «ስሠራ ዋልኩ» ይላል፣ ጥፍሩ ሥር ግን ቀለም የለም። ሠላሳ ዓመት የሠራን ሰው አንድ ቀን የሥራው ሽታ ከተወው፣ የት ነው የዋለው?

ቀጥሎ ክዳን ያለው ሰፊው የፕላስቲክ ምግብ መያዣዋ ከማድ ቤት ተሰወረ። የኬክ መጋገሪያ ወረቀቷም እኩሉ ተቆርጦ ሄዷል። «መያዣዬን አይተሃል?» ስትለው፣ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፈነና «የቱን?» አለ። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ ኮቱን ልትቦርሽ ኪሱን ስትፈትሽ እጇ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ስታወጣው ሴቶች ፊታቸውን ዱቄት የሚቀቡበት ወፍራም የመኳኳያ ብሩሽ ሆኖ አገኘችው። ጫፉ ላይ ሮዝ መሳይ ቀለም ደርቋል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ለፋብሪካው ልብስ ተኳሽ አዋየቻት። ተኳሿ የካውያ ሠራተኛ ናት፤ ምላሷም እንደ ስሟ ተኳሽ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ ምን ያጠያይቃል?» አለቻት። «ሰውየው ታጥቦ ነው የሚመጣልሽ። ምግብ በመያዣ ያመላልሳል። ብሩሹ ደግሞ ሮዝ ነው። ከዚህ በላይ ፎቶግራፍ ትፈልጊያለሽ?»

«ምግብ እሱ ያመላልሳል? እንቁላል እንኳ ሲቀቅል የሚያቃጥል ሰው?»

«እሷ ታበስላለቻ! ለአንቺ የቀረሽ መያዣውን ማዋስ ነው።»

እትዬ ራጅ ያን ቀን ከሰዓት እንከን ያለበትን ሦስት ሸሚዝ አሳለፈች። እንዲህ ያለ ነገር ሆኖባት አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ባሏ እንደወጣ ትንሽ ቆይታ ተከተለችው። ከማተሚያ ቤቱ አጠገብ፣ ወደ ስቱዲዮው በሚያስወጣው ደረጃ ሥር አንዲት ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለች። በመስታወቱ በኩል መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ብሩሾች ይታያሉ። ያው ዓይነት፣ ያው ወፍራም። እግሯ ይዟት ገባ።

ፀጉር ሠሪዋ ቀጠን ያለች፣ ሳቅ የማያልቅባት ወጣት ናት። «ይታጠቡ እትዬ፣ ይቀመጡ» አለቻት። እትዬ ራጅ፣ ራሷ ገንዳው ላይ ተጋድሞ፣ ፀጉሯ አረፋ ለብሶ እያለ እንደ ዘበት ጣል አደረገችው።

«ፎቅ ላይ ያለው ሠዓሊ እዚህ ይመላለሳል አሉ።»

የልጅቷ ጣቶች ፀጉሯ ውስጥ ቆሙ። «ጋሼን ያውቋቸዋል?»

«በወሬ።»

«ኧረ ደግ ሰው ናቸው! ሙሽራ ስኳኩል ወንበር ስበው ቁጭ ይሉና እጅ እጄን ያያሉ። ‹ይሄ እጅሽ ጉድ ነው፣ ድንበር የለውም› ይሉኛል።»

«ድንበር የለውም?»

«አዎ። ሌላም አለ፤ ግን አደራ ብለውኛል። በተለይ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ።»

እትዬ ራጅ ከገንዳው ብድግ አለች። «ኧረ እትዬ፣ አረፋው አልታጠበም!» ብትላት ፎጣውን ራሷ ላይ ጠቅልላ፣ ውሃው በጀርባዋ እየተንቆረቆረ ደረጃውን ተያያዘችው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የባሏ ድምፅ ይሰማል፤ እሷ በጋብቻቸው የመጀመሪያ ዓመታት ብቻ የሰማችው ዓይነት ድምፅ።

«ቀስ… ቀስ በይ የኔ ቆንጆ። አትድረቂብኝ። ትንሽ ታገሺኝ፣ አሁን ጨርሻለሁ።» ፍሽ፣ ፍሽ የሚል ነገር ተሰማ። ደግሞ ዝም። «እሰይ! አሁን ደግሞ ላሙቅሽ።» የፀጉር ማድረቂያ ማጉረምረም ጀመረ።

በሩን በእግሯ በረገደችው።

ባሏ ሸራው ፊት ብቻውን ቆሟል። በአንድ እጁ ማድረቂያውን ይዟል፣ በሌላው የውሃ መርጫ ጠርሙስ፤ የመኳኳያ ብሩሽ በጥርሱ ነክሷል። ብሩሹ ከአፉ ወደቀ።

«ፀጉርሽ ምን ሆነ?» አለ።

«የታለች?»

«ማን?»

ከሸራዎቹ ኋላ አየች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የተደረደሩት የቀለም ቱቦዎች ናቸው። አንዱን አንስታ አነበበች፤ «አክሪሊክ» ይላል። ሁለተኛውንም አነሳች፤ አክሪሊክ። ዞር ስትል የጠፋው መያዣዋ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አየችው። ሥሩ ላይ የራሰ ስፖንጅ ተነጥፏል፣ በላዩ የኬክ ወረቀቷ፣ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቡናማ ቀለም ተቆንጥሮ ተቀምጧል።

«ማንን ነው የኔ ቆንጆ ያልካት?»

«ቀለሟን» አለ፣ አንገቱን ሰብሮ።

ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጨብጦ አጣጥፎ ባልዲ ውስጥ ጥሎ ነበር። እንዲህ ያለ ጨርቅ ተከማችቶ ሲቀመጥ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይግላል። አንድ ቀን ከሰዓት ባልዲው መጨስ ጀመረ። ጨርቁን በእጁ ጨብጦ በመስኮት ወረወረው፤ መዳፉ የተቃጠለው ያኔ ነው። ታች ያለው የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ እስከ ጣራ ወረቀት የከመረ ሰው፣ ወጥቶ «ወይ ዘይትህን ወይ ክፍሉን ልቀቅ» አለው።

«ታዲያ ለምን ሻይ ነው አልክ?»

«ከአሥር ዓመት በፊት የጮህኩብሽን ነገር በየት አፌ ልንገርሽ? ልክ ነበርሽ ማለት እኮ ከቃጠሎው ይብሳል።»

እሷ ግን ማንንም በቃል የምታምን ሴት አይደለችም። «ባልዲውን አሳየኝ» አለች። አሳያት፤ ሥሩ ጠቁሯል። «እሺ፣ ማድረቂያውስ?»

«ታች ያለችው ፀጉር ሠሪ አሮጌዋን ሰጥታኝ ነው፤ ብሩሹንም።»

«ሥራና ልይህ።»

ባሏ ትንሽ ባዶ ሸራ አነሳ። የቀጠነ ቀለም አፈሰሰበት፣ ከላዩ ስስ ፕላስቲክ ለጥፎ በመዳፉ ተጫነና ላጠው። ቀለሙ እንደ ሥር፣ እንደ ደም ሥር ቅርንጫፍ አውጥቶ ቀረ። ሸራውን አዙሮ አዙሮ አየው፤ መጀመሪያ ሐሳብ የለውም፣ ከእድፉ ውስጥ ነው የሚፈልገው። «እነሆ ጉልበት» አለ፤ «እነሆ ወንበር። የተቀመጠበትን ሰው የሚበላ ወንበር።» ከዚያ ጥላውን ጀመረ። የዘይት ቀለም ቀናት ይጠብቃል፣ አክሪሊክ ግን ደቂቃ አይሰጥም። ስለዚህ መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብ ያደርግበታል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ ሳይደርቅ በመኳኳያ ብሩሹ ድንበሩን እየደባበሰ ያጠፋዋል። ከዚያ ማድረቂያውን ይለቅበታል። በደረቀው ላይ እንደ ሻይ የቀጠነ ቀለም ይደርባል፤ ደግሞ ያደርቃል፣ ደግሞ ይደርባል። «ጥልቀቱ የሚመጣው ከንብርብሩ ነው» አላት። «አሥራ አምስት ጊዜ የደረብኩበት አለ። በዘይት ቢሆን ወራት ይፈጅብኝ ነበር። አንድ ተንኮል አለው፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ የማየው ቀለም ሁሌ ይዋሸኛል።»

«እሱም?» አለች።

ፎጣዋን እንደጠመጠመች ትልቁ ሸራ ጋ ቀረበችና እንደ ሸሚዝ መረመረችው። ጣቷን ሳታስነካ ጠቆመች። «እዚህ ጋ ስፌቱ ታየኝ።» ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ መነጽሩን አድርጎ አየ፣ አፉን ዘጋ። ሳይደባበስ የደረቀ መስመር ነበር።

ሰኞ ዕለት ለተኳሿ ስትነግራት ሴትዮዋ ካውያውን አቁማ አፈጠጠችባት። «ቀለሟን ነው የኔ ቆንጆ ያላት? አንቺም አመንሽ?»

«ቁም ሣጥኑን ከፍቻለሁ።»

«መስኮቱንስ አይተሻል?»

መስኮቱን አላየችም ነበር። ይሄ ሁለት ቀን አስጨነቃት። ከዚያ በኋላ ሳትናገር ወደ ስቱዲዮው የምትሄድባቸው ቀናት በዙ፤ ባሏም ለምን እንደመጣች አይጠይቃትም፣ ሸራውን ወደ ብርሃን አዙሮ ብቻ ያቆምላታል። እሷ ስፌት ትፈልጋለች፣ እሱ ይደባብሳል።

የሥዕል ማሳያው ሲደርስ ባሏ ከየሥዕሉ ሥር በሚለጠፈው ወረቀት ላይ «ቀለም በሸራ ላይ» ብሎ ጻፈ። እሷ አንብባ ሁሉንም ቀዳደደችና «አክሪሊክ በሸራ ላይ» ብላ በራሷ እጅ ጻፈችው። «አንዴ ዋሽተህ ያየሁትን አይቻለሁ» አለችው።

በመክፈቻው ቀን የድሮ መምህሩ መጡ፤ ከዘይት ቀለም ሌላ ቀለም አለ ብለው የማያምኑ ሽማግሌ። የሚበላው ወንበር ፊት ብዙ ቆዩ። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱ፣ በጎን አዩት። «ይሄን ጥላ በዘይት ለማምጣት ስንት ጊዜ ወሰደብህ?» አሉ። ባሏ ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አነበቡ።

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

እሷን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ደግሞ እሷን አዩ። «ተሳስተሽ ይሆናል ልጄ» አሉና ሳይሰናበቱ ወጡ። ባሏ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

አሥር ቀን ያህል አልፎ ቤት ስልክ ተደወለ። እሷ ነበረች ያነሳችው። የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ ብሏል፣ የሆነ ሰው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስላሉ።

«እሱ አጠገብሽ አለ?»

«የለም።»

«ጥሩ። ያ… መድረቁን የሚያዘገየው ፈሳሽ፣ ምን ያህል ነው ጠብ የሚያደርገው?»

«ለማን ነው?» አለች እትዬ ራጅ።

«ለአንድ ወዳጄ» አሉ ሽማግሌው።