እህቴ እጅ ላይ ያሰርኩት መሣሪያ

ሸዋ ሮቢት ከቀትር በኋላ ሰው ግማሹን ተኝቶ ግማሹን ነቅቶ ነው የሚውለው። አስፋልቱ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ የተኛበት ይመስላል፤ ባጃጆቹ ከዚያ ውሃ ውስጥ ብቅ ብለው ያልፋሉ። ያንን ክረምት ሳስታውስ ራሴን የማገኘው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ኒም ዛፉ ሥር፣ ጠፍር አልጋ ላይ ተጋድሜ የታላቅ እህቴን የስፌት መኪና እሰማለሁ። መኪናው ድንገት ቀጥ ሲል የእኔም ልብ ቀጥ ይል ነበር። ያ ነገር ያዛት ማለት ነውና።

ያ ነገር የምንለው ጭንቀቷን ነው። ደረቷን ያፍናታል፣ ትንፋሿ ያጥራታል፣ እጇ በላብ ይጠመቃል። ደብረ ብርሃን ለመምህርነት ሥልጠና ተመርጣ ሁለት ጊዜ ተሳፍራ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ደብረ ሲና ላይ ወርዳ ተመለሰች። ከዚያ በላይ የጣርማ በር ዋሻ አለ፤ ጨለማውን ገና ስታስበው መቀመጥ ያቅታታል። ምዝገባው ሊዘጋ ሳምንት ቀርቶታል። ካመለጣት ዕድሜ ልኳን የሰው ሱሪ ስታሳጥር እንደምትኖር ራሷ ትነግረን ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነበርኩ፤ ለዕረፍት ነው የመጣሁት። ሰው ሲጨነቅ እጁ እንደሚያልብ፣ ያላበው ቆዳ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ። እንግዲህ ዓለምን ላድን ተነሳሁ። ቆዳዋን የሚነኩ ሁለት ሳንቲሞች፣ ትንሽ ባትሪ፣ ከሞተ ሞባይል የፈታሁት መንዘሪያ። ላቡ ሲበዛ ቀስ እያለ ይነዝራል፤ ሕፃን ሲያስተኙ ቸብ ቸብ እንደሚያደርጉት። እሷም ከእሱ ጋር ትተነፍሳለች።

«ሰው ምንድነው ብሎ ከጠየቀኝ እዚያው ድፍት ነው የምለው። ሰዓት ይምሰል» አለችኝ። ማሰሪያውን ከአሮጌ ቦርሳ ቆርጣ ራሷ ሰፋችው፤ ላዩ ላይ የማይሠራ ሰዓት ገጠምንበት። የሠራነው ነገር ቆንጆ ሆነ።

ችግሩ አላቆም ማለቱ ነው። ቁጭ ብላ ውሃ ስትጠጣም ይነዝራል። ግራ ገብቶኝ ጎረቤታችን የማሾ እህል ነጋዴው እጅ ላይ አሰርኩት፤ እሱም ላይ ነዘረ።

«ይሄ የሚነዝረው ሰው ሲፈራ ነው ጋሼ» አልኩት።

«ወላሂ ከአላህ በቀር የምፈራው የለኝም! ይልቅ አንተ ይሄን ጉድህን ፍራው!» ብሎ ፈትቶ ሰጠኝ።

አባቴም ላይ ነዘረ። ለካ በዚያ ሙቀት የማያልበው የለም፤ በእኔ መሣሪያ ሚዛን ከተማው በሙሉ ፈሪ ነው። በስንት ላብ እንደሚነዝር የሚወስነውን መቆጣጠሪያ እያጠበቅኩ፣ እያጠበቅኩ፣ የቆላው ላብ እንዳይቆጠር አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ፤ ያ ነገር ሲይዛት ብቻ ይነዝር ጀመር። ኩራቴ አልቻል አለኝ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ማለዳ አብሬያት ተሳፈርኩ። ዳገቱን ስንጀምር ነዘረ፤ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲያንኳኩ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ከዚያ ጉም መጣ። ዛፉም ገደሉም እየደበዘዘ ጠፋ፤ አውቶብሱ ደመና ውስጥ የሚዋኝ መሰለኝ። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ያኔ ነው የሠራሁት ስህተት የገባኝ። እጇ ደርቋል። ለቆላ ላብ ያጠበቅኩት መሣሪያ በዚህ ብርድ ብትሞትም አይነዝርም።

ወደ እኔ ዞረች። «አየህ፣ ዝም አለ። አልፈራሁም ማለት ነው።»

እውነቱን ብነግራት ወራጅ አለ ብላ ትጮሃለች። «አዎ እታለም፣ አልፈራሽም» አልኳት። እጇን ያዝኩ፤ ዋሻው ዋጠን። የአውቶብሱ ድምፅ ግድግዳው ላይ እየተላተመ ይመለሳል፤ ውሃ ጣሪያችን ላይ ይንጠባጠባል። በልጅነቴ ያጠናሁትን ጸሎት ሁሉ አደባለቅኩት። ከዚያ ብርሃን ሆነ፤ እህቴ አጠገቤ ነበረች።

ደብረ ብርሃን መመዝገቢያው በር ላይ ስንደርስ ማሰሪያውን ፈትታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሰደው። ብርድ ላይ እንደማይሠራ ጉሙ ሲመጣ ነው የገባኝ፤ ልቤ ሊወጣ ሲደርስ እንኳ ዝም አለ።»

«ታዲያ አልፈራሁም ያልሽኝ?»

«ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ምን ልበልህ? በጣም ነው የፈራሁት ወንድሜ፤ እየፈራሁ ነው ያለፍኩት።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወረፋው ውስጥ ገባች። እኔ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ።