ጸበሉና የጋለው አምፕሊፋየር

እህቴ መጥታ ከባለቤቴ ጋር ከተጣሉ ወዲህ እዚህ አሜሪካ፣ ስኮትዴል ያለው ቤታችን ሰላም አጥቶ ነበር። ባለቤቴ "ቄሱ መጥተው ጸበል ይርጩልን" ስትል ቶሎ እሺ አልኩ። የእኔ ደስታ ግን ሌላ ነበር። የንስሐ አባታችን በገና ይወዳሉ፣ እኔ ደግሞ አንድ የቆየ የበገና ሸክላ አለኝ። በስልካቸው የሚሰሙትን ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ትተው አንድ ቀን እንኳ በእኔ አምፕሊፋየር እንዲሰሙት ጓጉቼ ነበር።

ይኼ አምፕሊፋየር እንደ ዘመኑ ዕቃ አይደለም። አናቱ ላይ አራት የመስታወት ቲዩቦች ያለ ክዳን ቆመውበታል። ሲበራ እንደ ፋኖስ ቀላ ይሉና እጅ እስኪያቃጥል ይግላሉ። ድምፁ እንዲለሰልስ ቀደም ብሎ ዎርም አፕ ማድረግ ያስፈልጋል። አንዱ ቲዩብ ከፈነዳ በቃ፣ ብጤውን ማግኘት ዘበት ነው። ባለቤቴ "ጣውንቴ" ነው የምትለው።

ቅዳሜ ጠዋት ኦን አድርጌ፣ ሸክላውን ጠርጌ ጠበቅሁ። ቄሱ መጡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ባለቤቴ የጸበሉን ሳህን ይዛላቸው ከመኝታ ቤት ጀመሩ። እኔ የዋህ፣ ጣታቸውን ነክረው ጠብ ጠብ የሚያደርጉ መስሎኝ! በእፍኝ ነው የሚረጩት። መጋረጃው ራሰ፣ ኮሪደሩ ራሰ። ያኔ ነው የባነንኩት። ወደ ሳሎን እየመጡ ነው፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ግሎ ቁጭ ብሏል። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ መስታወት ላይ!

ሮጬ አጠፋሁት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እስኪበርድ ጊዜ ይፈልጋል። ፎጣ ጣል እንዳላደርግበት ይቃጠላል። "አባቴ፣ ይኼኛው ይቅርብኝ" አይባል ነገር! ባለቤቴ ሐሳቤ ገብቷት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሶፋው ተረጨ። ቴሌቪዥኑ ተረጨ፣ ኧረ እሱስ ይረጭ! ግራ ስፒከሬም ተረጨ። ቄሱ እፍኛቸውን ሞልተው ወደ አምፕሊፋየሩ ዞሩ።

ዘልዬ እንደ በረኛ እጄን ዘርግቼ ፊቱ ቆምኩ። ውሃው ፊቴ ላይ ቸፍ አለ።

"እሰይ የኔ ልጅ! ለካ ተጠምተኸዋል" አሉና ደገሙኝ። ቀጥለው ደረቴ ላይ። ከኋላዬ የሆነ ነገር ቸስ ሲል ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ዘወር ብዬ አየሁ፤ ጠብታዋ ያረፈችው ብረቱ ላይ ነው። አራቱም ቲዩቦች ደኅና ናቸው። ተመስገን!

እንደገና አበራሁትና ሸክላውን አዞርኩላቸው። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ደርዳሪው እዚህ አጠገቤ የተቀመጠ ነው የሚመስለው" አሉ። ደስታዬን መቻል አቃተኝ። ውሃው ከላዬ እየተንጠባጠበ ወደ ኩሽና ሮጥኩ።

"ወደዱት እኮ! ነይ ስሚ!" አልኳት ባለቤቴን።

ሳህኑን እያደረቀች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ያን ቀን እህትህ እዚሁ ሳሎን ቆማ ስትሰድበኝ" አለች ቀስ ብላ፣ "እንዲህ መሀል ብትገባልኝ ምን ነበረበት?"

ያን ቀን ሶፋው ላይ ሄድፎን አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ስድቡን ግን ሁሉንም ሰምቻለሁ።