የእማዬ ወለል

አቃቂ በሰቃ ያለው የእናቴ ቤት ወለሉ ከበሩ ወደ መስኮቱ ያዘቀዝቅ ነበር። ሽንኩርት ከእጃችን ካመለጠ የምንፈልገው መስኮቱ ሥር ነው። እማዬ ሳሪስ እህቷ ጋ የምትሰነብትበትን ሳምንት ጠበቅኩና፣ ሳልነግራት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ግንበኛ ጠርቼ ወለሉን አስተካክለው ሊሾ አደረጉት። ሲደርቅ መስታወት መሰለ!

የምትመለስበት ቀን ዕቃውን አስገባን። ቡፌው ወደ በሩ ዘመመ። ጠረጴዛውም ዘመመ፤ አልጋውም።

“ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ነው የተስተካከለው?” አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ተቆጡ። ውሃ ልካቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው “ና እይ!” አሉኝ። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። መስኮቱ ጋ ሞከርን፣ በሩ ጋ ሞከርን፤ ንቅንቅ የለም። እኔ ቡፌውን አያለሁ፣ እሳቸው እኔን ያያሉ።

በመጨረሻ ቡፌውን አጋደምነው። በበሩ በኩል የነበሩት እግሮቹ በመጋዝ አጥረዋል። ጠረጴዛውን ገለበጥነው፤ እሱም እንደዚያው። ለካ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወለሉ አልስተካከል ቢለው ዕቃውን ሁሉ በወለሉ ልክ ቆርጦት ኖሯል!

ይሄኔ እማዬ ገባች። አዲሱን ሊሾ ልብ ሳትል ቀጥታ ሄዳ የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ወዲያው ወደ በሩ ዘመም አለች። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ሁለታችን ላይ አፈጠጠች።

“ቀጥ ያለውን ቤቴን ማነው ያጣመመብኝ?”